ሸዋነሽ የለቀቀችው ዕጣ

ሞጣ ገበያ ከሸዋነሽ ጌሾ የገዛች ሴት ቤቷ ገብታ ዘንቢሏን ስትገለብጥ ሁልጊዜ ትደነቃለች። የከፈለችው የአንድ መደብ፣ የተመረቀላት ደግሞ ሌላ መደብ የሚያህል። ሌላው ነጋዴ ሲመርቅ በጣቱ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ ነው። ሸዋነሽ ግን የገዢዋ ዓይን ከጌሾው ላይ እስኪነሣ ድረስ እጇ አያርፍም፤ ገዢዋ ዝም ብላ ባየች ቁጥር እሷ ትጨምራለች። ይህን አመሏን ያወቁ ብልጦች ዝም ብሎ ማየትን ተማሩ።

«ምርቃትሽ ሽያጩን ዋጠው እኮ!» ትላታለች ጎረቤቷ ሀሲና። ሀሲና እዚያው ጎኗ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ አባቷም አያቷም ሞጣ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው።

«ምን ላድርግ፣ ዓይኗን አየሽው?»

«አየሁት። ዓይኗ ምንም አልሆነም። የሞላው ዘንቢሏ ነው።»

ሁለቱ እኩያሞች ናቸው፤ ስድሳን ከተሻገሩ ቆይተዋል። በጾም በፋሲካው፣ በረመዳን በዒዱ ሲጠራሩ ነው ያረጁት። አንዷ የሌላዋን አመል እንደ ገዛ ቤቷ ታውቀዋለች።

ሸዋነሽ የብቸና ልጅ ናት። እናቷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ «የሰው ፊት ከሚጠቁር የእኔ ጓዳ ይጉደል» ባይ ነበሩ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ትልቋ ወይንእሸት፣ ትንሿ ሸዋነሽ። ዳቦ ተቆርሶ ሲታደል ወይንእሸት የድርሻዋን እኩሌታ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ጎታ ሥር ትደብቃለች። ሸዋነሽ ደግሞ በር ላይ ለቆመው የጎረቤት ልጅ ትቆርስለታለች፤ ልጁ ካልሄደ የቀረውንም ትሰጠዋለች። እናታቸው ይስቁ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ያቺ ቋጣሪዋ ናት። ይቺ እንኳ እምቢን አታውቅም፣ አፏ ላይ አልፈጠረባትም» እያሉ ያሳያሉ። ሸዋነሽም በኩራት አንገቷን ትሰብራለች።

አንድ ቀን ብቻ፣ ያኔ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነው፣ ርቧት ኖሮ አንዱን ልጅ «እምቢ፣ የኔ ነው!» አለችው። እናቷ አልተቆጡም። ብቻ ከሥራቸው ቀና ብለው፣ «ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ቀልድ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሸዋነሽ ግን ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አላወጣችውም።

ባንተአምላክ አግብቶ ወደ ሞጣ አመጣት። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቁጥብ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። ብድር ፈላጊ ሲመጣባት፣ «እኔስ ደስ ይለኝ ነበር፣ ብቻ ባለቤቴን ልጠይቅ» ትላለች። ባንተአምላክ «አይሆንም» ይላል። እሷም መልሱን ያዘነ ፊት አልብሳ ታደርሳለች። አገሩ እሱን ንፉግ፣ እሷን ደግ እያለ ኖረ። እሱም አልጠፋውም። «ግድ የለም፣ ክፋቱን እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ ደግነቱን ያዢ» ይላት ነበር፣ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። ሲሞት ሰው «ባሏን ቀበረች» አለ። አጥሯን መቅበሯን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ተዝካሩ እንኳ ሳይደርስ የባንተአምላክ ወንድም፣ መኪና ነጂ ነው፣ ሰው ገጭቶ ካሣ ተፈረደበት። መጥቶ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። አልለመናትም፤ ዝም ብሎ አያት። ሸዋነሽ ብቸና ወረደች፤ ከእናቷ ቤት የደረሳትን ድርሻ ለእህቷ ለወይንእሸት ሸጠችና ገንዘቡን ይዛለት ተመለሰች። «እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ!» ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልታየም።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በሰው ግቢ፣ ጓሮ በኩል በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። አከራይዋ ኪራይ ሲጨምር «እሺ»። ጣራው ሲያፈስ «ግድ የለም፣ ክረምቱ ሊወጣ ነው»። ማታ ማታ ሳፋውን ከሚንጠባጠበው ሥር አድርጋ ስትተኛ የሚታያት የብቸናው ጓሮ ነው። እናቷ በእጃቸው የተከሉት ጌሾ አለ፣ ከግንቡ ጥግ። ልጅ ሆና ቅጠሉን ስትሸመጥጥ መዳፏ ይመር ነበር፤ ሳትታጠብ ዳቦ ትበላና ዳቦውም ይመራታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጌሾ እየገዛች ስትሸጥ፣ የእናቷ ጌሾ እዚያ ቆሞ ቅጠሉን ለነፋስ ያራግፋል። ሌላ ነገር አልተመኘችም። እዚያ ጓሮ ተቀምጣ፣ ከዚያ ጌሾ ሸምጥጣ፣ የራሷን በር ዘግታ መሞት ነው የፈለገችው።

ባለፈው ሐምሌ፣ ጠፍቶ የከረመው ኔትዎርክ ብቅ ባለበት ሰሞን ወይንእሸት ደወለች።

«ልጄ ባሕር ዳር ነይ ብሎኛል። ጉልበቴም ከዳኝ። ቤቱን ልሸጠው ነው።»

ሸዋነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አጥብቃ ያዘች።

«ሰማሽ? ገዢም አግኝቻለሁ፣ አንድ የጤፍ ነጋዴ። ግን የእናታችን ቤት ነው፤ አንቺን ዘልዬ ብሸጥ አይቀናኝም። ግማሹን ይዘሽ ነይና ግቢበት። የቀረውን ጌሾሽን እየሸጥሽ ትሰጪኛለሽ። እስከ መስከረም ግሸን ማርያም እጠብቅሻለሁ። ካለፈ ግን ለሰውየው ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«እሺ እታለም።»

«እሺሽንማ አውቃታለሁ! ገንዘቡን ይዘሽ ብቸና መድረስሽን ነው የማላውቀው። አንዱ ደብረ ወርቅ ላይ አይቶሽ ያስቀርሻል።» ስልኩ ተቋረጠ፤ ስቃ ይሁን ተቆጥታ ሸዋነሽ ሳትለይ ቀረች።

ግማሹን የሚሞላላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገበያው ዕቁብ። በየወሩ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቆርቆሮና ሚስማር በሚሸጡት በዕቁቡ ዳኛ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ሱቅ ይጣላል። በዚያ ዕቁብ ሰው ዕጣው ሲወጣለት ለቸገረው መልቀቅ ይችላል፤ እሱ ደግሞ የተለቀቀለትን ሰው ተራ ይጠብቃል። ሸዋነሽ በገባችበት ዙር ሁሉ ለቃለች። አንድ ጊዜ ለሰርግ፣ አንድ ጊዜ ለተዝካር፣ አንድ ጊዜም ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ። ስለዚህ የምትወስደው ምንጊዜም መጨረሻ ነው። ዕቁቡ ሲጀመር በሬ ይገዛ የነበረው ገንዘብ እሷ እጅ ሲገባ ወይፈን አይገዛም። «ያው ገንዘቤ ነው፣ ምን ጠፋብኝ?» ትላለች። ሀሲና ግን፣ «አንቺ እኮ የቀዘቀዘ እየበላሽ 'ያው ወጥ ነው' የምትዪ ሰው ነሽ» ትላታለች።

መስከረም ሲጠባ ዕጣ ያልወጣላቸው ሦስት ሰዎች ቀሩ። ሸዋነሽ፣ አንድ ሥጋ ሻጭ፣ እና ወፍጮ ቤት ያለው ደምለው። የደምለው ወፍጮ ሞተሩ ተቃጥሎ ከቆመ ሰንብቷል። ሸዋነሽን ባገኛት ቁጥር ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ የወጣልዎት እንደሆን እኔን አደራ» ይላታል።

«እግዜር ያውቃል» ትለዋለች። እምቢ ማለቷ ነበር። ደምለው ግን ተስፋውን ይዞ ይሄዳል፤ ማን «እግዜር ያውቃል»ን እምቢ ብሎ ይሰማል?

በዚያው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ሀሲና ሱቅ ገብቶ ጋቢ በዱቤ ጠየቀ።

«አልሰጥህም የኔ ጌታ!» አለች ሀሲና እየሳቀች፣ ገና ቃሉን ሳይጨርስ። «ሻይ ግን አስመጣልሃለሁ።»

ሰውየውም ሳቀ። ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ ልጆቿ ጠይቆ፣ መርቋት ወጣ።

ሸዋነሽ አፏን ከፍታ ስታይ ነበር። «እንዴት አድርገሽ ነው የምትዪው?»

«እምቢ ቶሎ ሲሉት ማር ነው፤ ሲያቆዩት ኮሶ ይሆናል። አንቺ ታቆዪዋለሽ፣ ታቆዪዋለሽ፣ መሮሽ ትውጭዋለሽ።»

«ሰው ምን ይለኛል ታዲያ?»

«የሚሉሽን ብትሰሚ ገበያ ባልወጣሽ! ወላሂ፣ ብቸና እስክትገቢ ድረስ እንኳ አትስሚያቸው።»

ሸዋነሽ የጌሾውን ቅጠል ስታገላብጥ ቆየችና፣ «ሀሲና፣ እሁድ ዕቁቡ ላይ አንቺ ተቀመጭልኝ» አለች። «ታማለች በያቸው። ዕጣው ከወጣልኝ እዚያው አንቺ መልሽላቸው። አንድ ቀን ብቻ ባንተአምላክን ሁኚልኝ።»

ሀሲና ሳቋን ተወች። «እሆንልሻለሁ» አለች።

እሁድ ሸዋነሽ ከጊዮርጊስ አስቀድሳ ተመለሰችና በሯን ከውስጥ ወረወረችው። እንደ በሽተኛ ተከናነበች። ውሸቷ እውነት እንዲመስል ጋደም አለች፤ ደግሞ ተነሣች። በግቢው ሰው ባለፈ ቁጥር ተመልሳ ትጋደማለች። የሚመጣው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ይቅርታ የምትልበትን ቃል ታዘጋጅ ነበር።

በሩን ስትከፍትላት ሀሲና እንደ ልጅ እየሮጠች ገባች። ገንዘቡን በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልላ በብብቷ ይዛዋለች።

«ወጣልሽ! ዋስሽም እኔው ሆንሁ። ደምለው ብድግ ብሎ 'እማማ ሸዋነሽ ይለቁልኛል' አለ። 'አትለቅም' አልሁት። ቤቱ ጭጭ! አቶ ሀብተ ሥላሴ መነጽሩን አውልቆ 'ሸዋነሽ ናት ያለች?' አለ። 'አዎ፣ ሸዋነሽ ናት ያለች!'»

«ደምለውስ?»

«ደምለውማ 'እሺ' ብሎ ተቀመጠ።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱን ምን አደርገዋለሁ! ፊቱ እዚያው ፊቱ ላይ አለ።»

ሁለቱም ሳቁ። ባንክ እሁድ ዝግ ነውና፣ ሰኞ ጠዋት አብረው ሄደው ለወይንእሸት ሊልኩላት ተስማሙ። ገንዘቡ ሀሲና ዘንድ እንዲያድር ያለችው ራሷ ሸዋነሽ ናት። «እኔ ጋ ካደረ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም» አለች። ሀሲናም፣ «አማና ነው፣ አደራ፤ እኔ ጋ ማንም አይደርስበትም» ብላ ይዛው ሄደች።

ለጥቂት ጊዜ ሸዋነሽ ቀለላት። ጌሾውን አየችው። የበሩን መወርወሪያ ድምፅ እንኳ ሰማችው፤ የብቸናውን። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ተመለሰች፤ ፊቱስ? እሷ አላየችውምና የፈለገችውን ያህል ልታጠቁረው ቻለች። ደምለው በሰው መካከል ቆሞ ታያት። ዕቁብተኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ታያት። ደግሞ ከዚያ ሁሉ ኋላ እናቷ ከሥራቸው ቀና ሲሉ፣ «ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

ሰኞ ባንክ ሳይከፈት ሸዋነሽ ከሀሲና ደጃፍ ቆማለች።

«ማልደሻል፣ ጎሽ» አለች ሀሲና። ከዚያ ፊቷን አየችው። «አይሆንም! አይሆንም ሸዋነሽ፣ ሂጂ ቤትሽ ግቢ።»

«ስጪኝ እባክሽ።»

«ለደምለው ነው?»

ሸዋነሽ መሬት መሬት አየች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ወፍጮ የለም እንዴ ሞጣ ውስጥ? የሱ ሞተር አንቺን ምን አገባሽ? ትናንት እኮ በሐሳብሽ ብቸና ጌሾሽ ሥር ተቀምጠሽ ነበር!»

«ገንዘቤን ስጪኝ ሀሲና።»

 ለሰው ሁሉ እምቢ ማለት የምትችለው ሴት ለዚህኛው እምቢ አላገኘችለትም። ገብታ አቡጀዲውን ይዛ ወጣች። «ገንዘቡ አማና ነው። ባለቤቱ ሲጠይቅ አልሰጥም ማለት ሐራም ነው» አለች። «ከሰው ሁሉ ላስጥልሽ እችላለሁ። ከራስሽ ማን ያስጥልሽ?»

ሸዋነሽ ጥቅሉን ከነጠላዋ ሥር አድርጋ ሄደች። የደምለው ግቢ መታጠፊያ ስትደርስ ድምፁን ሰማችው። ወፍጮው ይፈጫል።

እግሯ ቆመ። ወፍጮው ይፈጫል እኮ! መሬቱ እንኳ ከእግሯ ሥር ይርገበገባል። ልቧ እንደ ዕንቦሳ ዘለለ፤ ተመለሺ፣ ባንኩ አሁን ይከፈታል፣ ሀሲና ትስቅብሻለች፣ በቃ። ልትዞር አንድ ትከሻዋን መለስ አድርጋ ነበር። በዚያች ቅጽበት የደምለው ሚስት ስልቻ ተሸክማ ከግቢው ወጣች።

«ውይ፣ እማማ! ተሻለዎት? ይግቡ እንጂ፣ ደጅ ይቆማሉ?»

ገባች። ደምለው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ መጣ። «መካኒኩ ትናንት ማታ አሮጌውን አስነሣልኝ! አያያዙን ካወቅህበት ዓመት ይሄዳል አለኝ» አላት። ደስ ብሎታል። ፊቱ ከዱቄቱ በላይ በርቷል፤ አንዳችም የጠቆረ ነገር የለበትም።

«እሰይ፣ ተመስገን!» አለች ሸዋነሽ፣ ከልቧ።

እዚህ ላይ ደኅና ዋሉ ብላ መውጣት ትችል ነበር። ግን አቡጀዲው ከነጠላዋ ሥር ብቅ ብሎ ኖሮ የደምለው ዓይን እዚያ ላይ አረፈ። ክፉ አላሰበም፤ ዝም ብሎ አየ። ሸዋነሽ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያያትን ሰው አትችልም።

«ትናንት... ሀሲና ናት ያጠፋች። እኔ እንዲያ በይ አላልኋትም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ጌሾ መረራት። «ይኸው፣ ተቀበለኝ።»

«ኧረ እማማ! አሁንማ ተነሣልኝ። ይተዉት፣ ለርስዎ ይሁን።»

«በሞቴ!»

ማን አስባላት? ለምግብ፣ ለጉርሻ፣ ለቡና ዕድሜዋን ሙሉ ያለችው ቃል ነው፤ ራሱ ወጣ። ደምለው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ እሱን አየች። አሮጊት ሴት በማለዳ ደጁ ድረስ መጥታ በሞቴ ስትል እምቢ ማለትን እነሱም ተምረው አላደጉም። ሁለት እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋ። «በሞቴ ካሉማ ምን እላለሁ... እንግዲያው አዲስ ሞተር እጨምርበታለሁ። የኔ ተራ ለርስዎ ነው፤ ለጥቅምት፣ ቢዘገይ ለኅዳር ይደርስዎታል።» አፍሮ ተቀበለ፤ አፍራ ሰጠች። ወፍጮው መሃላቸው ይፈጫል።

ወሬው ቀትር ሳይሆን ገበያ ገባ፤ ያጠፋችው ሀሲና ናት የሚለውም ጭምር።  ሀሲና በዚያ ቀን ጨርቋን ቀድማ አጣጥፋ ሱቋን ዘጋች። ክፋቱን እኔ ልያዝልሽ ያላት ባንተአምላክ ነበር፤ ሀሲና እንዲያ ብላት አታውቅም።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ለግሸን ዋዜማ ተከፈተ። ሸዋነሽ ለእህቷ በስልክ ልትነግራት ሞክራ አልሆነላትም፤ በሚኒባስ ብቸና ወረደች። እጇ ላይ የነበረው አንድ ፌስታል ጌሾ ብቻ ነው። ለዚያ ግቢ ጌሾ ይዞ መሄድ!

ወይንእሸት በረንዳው ላይ የቁልፉን ዘለላ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዕቃዋ ታስሯል። እህቷን ሳመቻትና እጇን አየችው።

«አልያዝሽም።»

«አልያዝሁም።»

«ለማን?»

«ለወፍጮ ቤት። ሞተሩ ተቃጥሎበት...»

«ስትሰጭው ቆሞ ነበር?»

ሸዋነሽ መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም። «ይፈጭ ነበር።»

ወይንእሸት ሳቀች። ቁልፉ ጭኗ ላይ እስኪንጫጫ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔስ ቋጥሬ ምን አገኘሁ? ይኸው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን በር ያንኳኳ ያ ነጋዴ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንቺ ተራ መቼ ነው?»

«ጥቅምት። ቢበዛ ኅዳር።»

ወይንእሸት ቁልፉን በጣቷ ታዞር ጀመር። ጓሮውን አየች፤ እህቷን አየች። ጠበቀች። ሸዋነሽም ያን መጠበቅ አወቀችው። ቃሉ ትንሽ ነበር። «እስከ ኅዳር ታገሽኝ» ማለት ብቻ። ከምላሷ ጫፍ ደረሰ። ነገር ግን እታለም ለሰውየው ቃል ሰጥታለች፤ ዕቃዋ ታስሯል፤ ልጇ እየጠበቀ ነው። በእሷ ምክንያት እታለም ፊቷ ይጥቆር? እምቢን ያልተማረ አፍ «ስጪኝ»ንም አልተማረም ኖሯል።

«ሌላ የምትዪኝ አለ?» አለች ወይንእሸት።

«ኧረ የለም እታለም። ምን አለ!»

ቁልፉ መዞሩን ተወ።

በሩ ተንኳኳ። የጤፍ ነጋዴው ነው፤ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ ገባ። በረንዳው ላይ የነበሩት መቀመጫዎች አነሱ። ሽማግሎቹ ሲቀመጡ እሱ ቆሞ ቀረ፤ ቆሞም ግቢውን ዝም ብሎ ያይ ጀመር።

ሸዋነሽ ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

«ኧረ ይቀመጡ እማማ! እኔ እቆማለሁ» አለ ሰውየው።

«በሞቴ!» አለችና በርጩማውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስጠጋችለት። እሷ ወርዳ ከጌሾው ጥግ ቆመች።